የአዳራሽ ሦስት ቃለ ጉባኤ

በ2071 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰላምታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መልሱ ነው።

«እንዴት አደርሽ?»

«ሰባ አራት።»

«ተመስገን። ልጆቹስ?»

«ትንሿ ስልሳ ሦስት ናት፣ ፈተና ደርሶባታል።»

«አይዞሽ፣ ከስልሳ አትወርድም።»

ከዚያ ሁለቱም አምባራቸውን ወደ እጅጌያቸው መልሰው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ።

አምባሩ የልብ ምትና ላብ አንብቦ ሰው ለዕለቱ ሥራ መርጋቱን በቁጥር ይናገራል፤ ቁጥሩ ኤልዳና ይባላል። «ኤልዳናዬ ወርዷል» ያለ ሰው ዛሬ ሥራ አይገባም ማለት ነው። ከስልሳ በታች የወረደ አምባር ይቀላል፤ አምባሩ የቀላ ሐኪም ቢላ አይጨብጥም፣ የቀላ ዳኛ አይፈርድም፣ የቀላ ምስክር አይሰማም። ሙሽሮች ሳይቀሩ ከመፈረማቸው በፊት እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ። ባለፈው ግንቦት ደሴ ላይ አንድ ሙሽራ ሃምሳ ሰባት ሆኖ በመገኘቱ ሠርጉ ለማክሰኞ ተላለፈ። ድንኳኑ ጠበቀ፣ ሚዜዎቹም ጠበቁ፤ የታረደው ሰንጋ ብቻ ማክሰኞን አልጠበቀም።

ሰኞ ጠዋት አንዲት የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት የአዳራሽ ሦስት በር ላይ ቆማ ስሟን ተጠየቀች።

«ኤልዳና።»

«ቁጥሩን ቀጥዬ ነው የምጠይቅዎት፣ እማማ» አለ ጥበቃው። «መጀመሪያ ስም።»

«ስሜ ነው። ኤልዳና ጽጌ።»

ጥበቃው ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ፤ ተመልሶ ወረቀቱን አየ።

«ለካ ሰው ነዎት» አለ። «እኔ እኮ የፋብሪካ ስም ይመስለኝ ነበር።»

ዶክተር ኤልዳና ከዚህ የባሰ ሰምታ ስለምታውቅ አልተቀየመችም። እጇን ዘረጋች፤ አምባር ታሰረላት፤ ሰባ አንድ አለ፤ ገባች።

ሙያዋ የሥራ ቦታ ሥነ ልቦና ነው። በአጭሩ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲሠራ ተቀምጣ አይታለች። ባንግላዴሽ ውስጥ ጎርፍ በከበበው የባሕር ዳርቻ፣ አሮጌ መርከብ ከሚቆራርጡ ሰዎች ጋር ሰባት ወር ኖራለች። ፊንላንድ ውስጥ አለቃቸው በድንገት የሞተባቸው ሰዎች ስለ ሟቹ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሥራውን ለአንድ ዓመት እንዴት እንደተከፋፈሉት አጥንታለች። ብራዚል ወደብ ላይ በአድማ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ሲወረወር መሐል ላይ ነበረች፤ ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ የየትኛው ወገን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተጣራም። የትም ስትሄድ አንድ ደንብ ነበራት፤ ሦስት ቀን ዝም ብሎ ማየት፣ በአራተኛው አንድ ጥያቄ መጠየቅ። ከአንድ በላይ ጥያቄ የሚያስፈልገው ተመራማሪ ሦስቱን ቀን አላየም ማለት ነው ትላለች። ይህን ስትል ትዕቢተኛ ያሏት ነበሩ። ትዕቢተኛ መባሏ ደንቡን አላስለወጣትም።

ልኬቱን የሠራችው በሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በኦጋዴን ሜዳ፣ በድንኳን በቆመ የኮሌራ ሆስፒታል። ነርሶቹ ቆመው ያንቀላፉ ነበር፤ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ይሰጡ ነበር። ኤልዳና የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀለች። ነርሶቹ ፈረቃ ሲገቡ እርስ በርስ ተያይተው ቁጥር ይሰጣጣሉ፤ ቁጥሩን ለአንዷ የሚሰጧት ጓደኞቿ እንጂ እሷ ራሷ አይደለችም። ከስልሳ በታች የሆነችው አትባረርም። ትቀመጣለች፤ ሌላዋ መርፌውን ትረከባታለች። በአራት ሳምንት ስሕተቱ በግማሽ ቀነሰ።

በኋላ የልብ ምትና የላብ መለኪያ ጨመረችበት። ያ የእሷ ሥራ ነው፤ የቀላ ምስክር አይሰማም የሚለውን ደንብም የጻፈችው እሷው ናት፤ በማንም አላላከከችም። ድርጅቶች የልብ ምቱን ወሰዱ፤ ሰሌዳውን እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ተዉት። የመመረቂያ ጽሑፏ ገጽ መቶ አሥራ አራት ግርጌ ላይ «መሣሪያው የፈራን ልብ ከኮራ ልብ አይለይም፤ ስለዚህ ብቻውን ሊታመን አይገባም» ብላ ጽፋ ነበር። ጽሑፉ በአርባ ቋንቋ ተጠቅሷል። ግርጌውን የጠቀሰ የለም።

የጋበዛት የጭነት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናሆም የሚባል ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው፤ ቁጥሩ ሰማንያ ዘጠኝ፤ እሱን ለማሳየት እጅጌውን ሁልጊዜ እስከ ክርኑ ይጠቀልላል።

«በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ሸንጎው አዲስ አበባ ላይ ይቀመጣል» አላት። «ልኬቱ ለሁሉም ሠራተኛ ግዴታ ይሆናል። በዓመት ሦስት ጊዜ የቀላ ይሰናበታል። እስከ ዛሬ የየድርጅቱ ደንብ ነበር፤ ከእንግዲህ የአገር ሕግ ነው። ዋናዋ ምስክር እርስዎ፣ ዋናው ማስረጃ ደግሞ ይኸው አዳራሽ ሦስት። አራት ዓመት። አንድ አደጋ የለም። አንድ ቀይ የለም።»

«ስንት ሰው ነው የሚሠራው?»

«አርባ ሁለት።»

«በአራት ዓመት ለአርባ ሁለት ሰው አንድ ዘመድ አልሞተም?»

ናሆም ሳቀ። «ጠንካሮች ናቸው። ዶክተር፣ ይኼ እኮ መታደል ነው። ብዙ ሊቅ ሐሳቡ ሕግ ሆኖ ሳያይ ነው የሚሞተው።»

«አንዳንዱ ደግሞ አይቶ ነው የሚሞተው» አለች ኤልዳና። «ወንበር የት ነው?»

ወንበር ሰጧት፤ ተቀመጠች።

አዳራሽ ሦስት ውስጥ መኪና ይነዳል። አርባ ሁለት ነጂዎች አርባ ሁለት መሪ ጨብጠው፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ስክሪን እያዩ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱ መቶ ሃያ ስድስት የጭነት መኪኖችን ይነዳሉ። መኪኖቹ ውስጥ ሰው የለም። ከሚሌ በታች ፀሐይ ሳለ ሰው መንገድ ላይ ከወጣ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ የአፋር አርብቶ አደሮችም ግመሎቻቸውን የሚያንቀሳቅሱት አመሻሽና ንጋት ላይ ነው። ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ጎማ ስለሚቀልጥ መኪኖቹም ይቆማሉ፤ ነጂዎቹ ያኔ ምሳ ይበላሉ። መኪናው ግመል ካየ ራሱ ይቆማል። ከግመሏ ኋላ ግልገሏ እንደምትከተል የሚያውቀው ግን ነጂው ነው፤ ሰው እስካሁን የተቀመጠው ለግልገሏ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ኤልዳና ያየችው ሥራ ነው። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት አየች።

ጦይባ ትባላለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። መሪውን አልነካችም። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አኑራ ስክሪኑን ታያለች እንጂ አትነዳም። መኪኖቿ ግን ይሄዳሉ። አንዱን በቀኟ ያለችው ሙንተሃ ትነዳዋለች፣ ሁለተኛውን በግራዋ ያለው ቃልአብ፣ ሦስተኛው ከኋላ ረድፍ በአንድ ሽማግሌ እጅ ነበር። ሦስቱም አራት አራት መኪና ይዘው አንዳቸውም አላጉረመረሙም። የጦይባ ዓይኖች አብጠዋል። በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ከስሟ አንጻር የተጻፈው ቁጥር ሰባ ስምንት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው፣ አቶ እንድሪስ፣ ከመደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ሊያወርድ እጁን ሲያነሣ እጅጌው ተንሸራተተ። ክንዱ ላይ ሁለት አምባር ነበር። አንዱ የራሱ፤ ሌላው ጠበብ ያለ፣ የሴት።

ኤልዳና አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብዙ ነገር ነው በአንዴ የገባት። ሌላ ተመራማሪ ቢሆን ማጭበርበሩን አይቶ ይነሣ ነበር። እሷ አየች፤ አልተነሣችም፤ የት እንዳለች አሰበች። መርከብ ቆራጮቹ ደክሞት የመጣን ሰው የሚደብቁት በዘፈን ነበር፤ ዘፈኑ ሲለወጥ ማን እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል። ፊንላንዶቹ በዝምታ ነው። የእሷ አገር ሰዎች እንዴት እንደሚያደርጉት ለማወቅ ምርምር አላስፈለጋትም። አድጋበታለች።

በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት፣ መኪኖቹ ሁሉ ሲቆሙ፣ ወደ አቶ እንድሪስ ሄዳ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«መዝገቡ የት ነው?»

እንድሪስ ጉርሻውን ዋጠ። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እሱ ነው፤ በወጣትነቱ በእውነተኛ መኪና፣ በእውነተኛ መሪ ጅቡቲ የተመላለሰ የመጨረሻው ሰው።

«የምን መዝገብ፣ ዶክተር?»

«አርባ ሁለት የአገሬ ሰው ተራ ገብቶ ሸክም ሲሸካከም ቃለ ጉባኤ ሳይዝ ቀርቶ አያውቅም። ዳኛው እርስዎ ነዎት። ጸሐፊውን አላወቅሁም።»

አጠገቡ የተቀመጠው ቃልአብ ሳል ያዘው።

«አሁን አወቅሁ» አለች።

«ወላሂ» አለ እንድሪስ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ነግሬው ነበር። አይጻፍ ብዬ። ወንጀላችንን በገዛ እጃችን ቁጥርና ቀን ሰጥተን እንዳናስቀምጥ ብዬ።»

«ያልተጻፈ ዕድር የት አለ?» አለ ቃልአብ ፊቱ በርበሬ መስሎ። «አንዱ ሁለቴ ተሸክሜያለሁ ሲል፣ ሌላው ተራዬ አይደለም ሲል፣ በምን ይዳኛል?»

«አዩልኝ፣ ዶክተር? ይኼንኑ ብሎ ነው የረታኝ።»

መዝገቡ ከአዳራሹ ሻይ ቤት፣ ከጤና አዳም ማሰሮ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ሽፋኑ ላይ «የአዳራሽ ሦስት የአምባር ዕድር» ተብሎ በቆንጆ እጅ ተጽፏል። ኤልዳና መነጽሯን አድርጋ ከፈተችው።

«ሰኔ 3። ቀይ የሆነ፦ ይመር አሊ። ምክንያት፦ ልጁ ታማ አድራለች። ሥራውን የያዙ፦ ቃልአብ፣ ሙንተሃ። አምባሩን የያዘ፦ እንድሪስ። አደጋ፦ የለም።»

«ጥቅምት 19። ቀይ የሆነች፦ ሙንተሃ። ምክንያት፦ ለመግለጽ አልፈለገችም፤ ዕድሩም አልጠየቀም። ሥራዋን የያዙ፦ ጦይባ፣ ይመር። አምባሯን የያዘች፦ ጦይባ። አደጋ፦ የለም።»

«ጥር 8። ቀይ የሆነ፦ ቃልአብ። ምክንያት፦ ሚስት አጭቷል። (ነገሩ ደስታ ቢሆንም አምባሩ ስለቀላ ተመዝግቧል።) ሥራውንና አምባሩን የያዘ፦ እንድሪስ። አደጋ፦ የለም።»

በመጨረሻዎቹ ገጾች ደንቡ ነበር። ማንም ስለ ራሱ «ደህና ነኝ» ቢል አይታመንም፤ ግራና ቀኙ የተቀመጡት ያዩታል። የቀላ ሰው መሪ አይነካም፤ ይህን የጣሰ ከዕድሩ ይወጣል። አምባር ብቻ መያዝ ክልክል ነው፤ አምባሩን የያዘ ዕድር ሥራውንም ይይዛል። ስብሰባ ያረፈደ ከሎጊያ እስከ ጋላፊ ያለውን አቧራ አንድ ሳምንት ይነዳል። መዝገቡ ያለ ዳኛና ያለ ጸሐፊ ከአዳራሹ አይወጣም።

በአራት ዓመት ስድስት መቶ አሥራ አንድ ቀይ። የመጨረሻው የጦይባ ነበር፤ ወንድሟን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ፤ ድርጅቱ የሚፈቅደው የሐዘን ዕረፍት አንድ ቀን ነው።

ኤልዳና መዝገቡን ዘግታ እጇን ላዩ ላይ አኖረች። ምርምር ብላ በየአገሩ ስትዞር አንድ ነገር ትፈልግ ነበር፤ ማግኘት ግን አልሆነላትም። ሰሌዳዋን ነበር የምትፈልገው። ያ በድንኳን ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ በልብ ምት ሳይሆን በሰው ዓይን ይሠራ እንደነበር የሚያረጋግጥላት አንድ የሥራ ቦታ ብታገኝ ይበቃት ነበር። ሰሌዳዋ ማንም ሳይነግራቸው፣ ስሟን የፋብሪካ ስም በሚያደርጉ ሰዎች መካከል፣ በጤና አዳም ማሰሮ ሥር ተቀምጦ አራት ዓመት ሠርቷል። ትክክል ነበረች። ከትክክልነቷ የበለጠ ያኮራት ግን ሌላ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከእሷ አሻሽለው ሠርተውታል። አምባር ብቻ መያዝ ክልክል ነው የሚለውን እሷ አላሰበችውም ነበር።

«ሁሉንም ልንገራችሁ» አለች፤ ነጂዎቹ በየወንበራቸው ዞረው ነበር። «ሸንጎው ሕጉን የሚያጸድቀው በናንተ ቁጥር ነው። አራት ዓመት አንድም ቀይ የሌለበት አዳራሽ ተብሎ። ዝም ካልኩ ሕጉ ያልፋል፤ በአገሩ ያለ ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ይዳኛል። ከተናገርኩ መጀመሪያ የሚመጡት ወደ እናንተ ነው። ስም ሳልጠራ ልናገር ብል፣ አራት ዓመት ያልቀላ አዳራሽ አንድ ብቻ ስለሆነ መደበቂያ የለውም። ስለዚህ እናንተ ካልፈቀዳችሁ ስላየሁት ነገር አልመሰክርም። በልኬቱ ላይ ግን ለማንም አልፈርምም። ይኼ የኔ ድርሻ ነው። የቀረው የናንተ ነው።»

«እና የደበቅነውን እኛው አውጥተን እናንብብ?» አለ ቃልአብ። «ቂል ነን እንዴ?»

«አንተ የጻፍከው እንዳይነበብ ነው?» አለች ሙንተሃ። «በዚያ ቆንጆ ጽሕፈት?»

ተሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ጦይባ ተነሣች። በአራት ቀን ውስጥ ድምፅዋ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

«የአዳራሽ አምስቷን ዘሀራን ታውቋታላችሁ» አለች። «ባሏ በሞተ በሰባተኛው ቀን ሦስተኛ ቀይዋ ሆነና አሰናበቷት። ከኔ የተሻለች ነጂ ናት፤ ግልገል አምልጧት አያውቅም። እኔ ዛሬ እዚህ የተቀመጥኩት ከሷ በልጬ አይደለም። ግራና ቀኜ እናንተ ስላላችሁ ነው። ያቺ ግን አልነበራትም። ከሕጉ በኋላ ደግሞ ማንም አይኖረውም፤ እኛም እስክንያዝ ነው።» ተቀመጠች። «ይነበብ።»

«ያባርሩናል» አለ ይመር።

እንድሪስ ጺሙን አሻሸ። «አንድ ሰው ቢሆን ያባርሩታል። ሦስትም ቢሆን። አርባ ሁለት ሰው በአንድ ቀን ካባረሩ ግን መቶ ሃያ ስድስት መኪና ሚሌ ላይ ይቆምና ለግመል ጥላ ይሆናል። እሱን ያስቡበት። በዕድር ደንብ፣ እጅ አውጡ።»

አርባ አንድ እጅ ወጣ፤ አርባ አንድ አምባር። ቃልአብ እየጻፈ ስለነበር ዘገየ። ከዚያ ብዕሩን እንደያዘ እጁን አነሣ፤ አርባ ሁለት ብሎ ጻፈ።

ኤልዳና ከመሄዷ በፊት ናሆምን ቢሮው ድረስ ሄዳ ነገረችው። ከጀርባ መሥራት አትወድም።

«የምሄደው ሕጉን ልደግፍ አይደለም» አለችው። «ከሸንጎው ፊት ስትሰማው እንዳይደንቅህ።»

ናሆም እጅጌውን ወደ ታች መለሰ። «ስምዎ እኮ ነው ያለበት፣ ዶክተር። የዕድሜ ልክ ሥራዎን በገዛ እጅዎ?»

«ለዚህ ነው» አለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት አዲስ አበባ ሰባት የሸንጎ አባላት ከፍ ባለ መድረክ ላይ ተቀምጠዋል። ከኮምቦልቻ በባቡር የመጡት አራት ናቸው፤ ኤልዳና፣ በደንቡ መሠረት ዳኛው እንድሪስና ጸሐፊው ቃልአብ፣ እንዲሁም ዕድሩ የመረጣት ጦይባ። መዝገቡ በእንድሪስ ብብት ሥር ነበር።

ኤልዳና ሌሊቱን ደህና ተኝታለች። ቁርስ በልታለች። አልፈራችም። በመተላለፊያው ስትሄድ የተሰማት ያንን ጥቁር ሰሌዳ ስትሰቅል የተሰማት ነው፤ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሥቶ ቆሟል። በሩ ላይ የቆመችው ተቆጣጣሪ አምባሩን አሰረችላትና ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ ቀልተዋል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አርባ አንድ።»

ኤልዳና አምባሩን አየችው። ገጽ መቶ አሥራ አራት፣ ግርጌ።

ሰብሳቢዋ ከመድረኩ ሆነው ተመለከቱ። ግራጫ ሹሩባ ያላቸው፣ ድምፃቸው የማይቸኩል ሴት ናቸው።

«ዶክተር ኤልዳና፣ አዝናለሁ» አሉ። «የቀላ ምስክር አይሰማም። ደንቡን እኛ አላወጣነውም።»

«አውቃለሁ» አለች ኤልዳና። «እኔ ነኝ።»

የድርጅቱ ጠበቃ ተነሣ። ምስክሯ ባትሰማም ሥራው እንዳይጓተት፣ ከአዳራሽ ሦስት የቀረበው የጽሑፍ ማጠቃለያ ተነብቦ ዛሬውኑ ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቀ። ማጠቃለያው አንድ ገጽ ነው፤ አራት ዓመት፣ ዜሮ አደጋ፣ ዜሮ ቀይ። ናሆም ከጠበቃው ኋላ ተቀምጦ ወለሉን ያያል።

በዚያች ቅጽበት ኤልዳና በጋቢዋ ሥር የአንድ እጅ ጣቶች የእጇን አንጓ ሲይዙ ተሰማት። ጦይባ ነች።

«ሰባ ሦስት ነኝ» አለች ጦይባ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «የራሴ ነው ዛሬ። ይፍቱትና ይስጡኝ፤ ማንም አያይም። ሁለት ደቂቃ ነው።»

ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። አምባሩን ሲያቀያይሩ አራት ዓመት ያልተያዙ ሰዎች ናቸው። ኤልዳና አሰበችበት፤ አላሰበችበትም ብትል ውሸት ይሆናል። ሠላሳ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቃል በአንድ የእጅ አንጓ ላይ ቆሟል። ነገር ግን ሐሰተኛ ቁጥር ይዛ ስለ ሐሰተኛ ቁጥር ልትናገር ነው። ደግሞም ደንብ አለ፤ የሸንጎው ሳይሆን የዕድሩ።

«አምባር ብቻ መያዝ ክልክል ነው» አለቻት። «ሥራውን ያዢልኝ።»

ጦይባ አየቻት። ከዚያ እጇን ለቀቀች።

ኤልዳና አምባሩን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ቀይ እንደሆነ፣ ለሁሉም በሚታይበት።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ደንቡ የቀላ አይናገር ይላል። የቀላ ሰው ቃል አይነበብ አይልም። የጻፍኩት ስለሆነ አስታውሰዋለሁ። ቃሌን ወይዘሮ ጦይባ ታነባለች። ሰባ ሦስት ናት።»

ሰብሳቢዋ ደንቡን አስመጥተው አነበቡት፤ ሁለት ጊዜ። የድርጅቱ ጠበቃ ሦስተኛ ጊዜ እንዲያነቡት ጠየቀ።

«አማርኛ ነው» አሉት ሰብሳቢዋ። «ገብቶኛል። ይነበብ።»

ኤልዳና ተቀመጠች። የራሷ ሥራ በሌላ ሰው እጅ ሲሠራ ተቀምጣ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሌሎች ቀልተው ሲቀመጡ አይታለች እንጂ ራሷ ቀልታ ተቀምጣ አታውቅም።

ጦይባ ተነሥታ የኤልዳናን አንድ ገጽ አነበበች። ገጹ ልኬቱ ብቻውን እንደማይታመን፣ አዳራሽ ሦስት ከአደጋ የተጠበቀው በአምባሩ ሳይሆን አምባሩን በማታለል እንደሆነ፣ ማታለሉን ያደረጉት ሰዎች ግን አንድም የቀላ ሰው መሪ እንዲነካ አለመፍቀዳቸውን ይናገራል። ከዚያ መዝገቡን ከእንድሪስ ተቀበለች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። የታመመ ልጅ። የፈረሰ ቤት። ለመግለጽ አልፈለገችም፤ ዕድሩም አልጠየቀም። ሚስት አጭቷል፤ ይህን ስታነብ ቃልአብ ጣሪያውን አየ። እናቱ ሞታለች። ያለ ምክንያት። አደጋ፣ የለም። አደጋ፣ የለም። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለ፤ የመንገድ ምልክት የምታነብ ይመስል ነበር። ማንም አላቋረጣትም። ስድስት መቶ አሥራ አንዱንም አንድ ሳትዘል አነበበች፤ የመጨረሻውን፣ የራሷን፣ ጭምር።

ንባቡ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ። በመጀመሪያው ሰዓት ማብቂያ በግራ ጫፍ የተቀመጡ የሸንጎ አባል እጅጌያቸውን ጎትተው አምባራቸውን ሸፈኑ። በሁለተኛው ሰዓት ሌላው እንደዚያው አደረጉ። ኤልዳና አየቻቸው፤ ማየት ሥራዋ ነው።

ንባቡ ሲያልቅ ሰብሳቢዋ ድምፅ ለማስሰጠት አባላቱ እጃቸውን እንዲያሳዩ አዘዙ፤ ይህም ደንብ ነው። ከሰባቱ አራቱ ቀልተዋል። አራተኛዋ ራሳቸው ሰብሳቢዋ ነበሩ። አምባራቸውን እንደሌሎቹ ለሁሉም ዘርግተው አሳዩ።

«የቀላ ድምፅ አይሰጥም፤ ምልዓተ ጉባኤ የለም» አሉ። «ሕጉ ዛሬ አይጸድቅም። ሸንጎው ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። የመዝገቡ ግልባጭ ይቀርብልን።»

«ዋናው ከኛ ጋር ይመለሳል» አለ እንድሪስ ከመቀመጫው ሳይነሣ። «የዕድር ደንብ ነው።»

«ይመለስ» አሉ። ከመድረኩ ሲወርዱ በእንድሪስ አጠገብ ቆም አሉ። «ዳኛው አንቱ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ሠራተኛ ላልሆነ ሰውም ይሠራል?»

«ግራና ቀኝ ሰው ካለው ይሠራል» አለ እንድሪስ። «እርስዎ ዛሬ ሁለቱም አለዎት። አብረዎት ቀልተዋል እንጂ።»

ሴትዮዋ ሳቅ አምልጧቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

የኮምቦልቻው ባቡር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣ። ነገ ጠዋት በሩ ላይ ምን እንደሚጠብቃቸው አራቱም አያውቁም ነበር፤ ከአዳራሹ የደረሳቸው መልእክት ግን መኪኖቹ በሙሉ እየሄዱ እንደሆነ፣ የጦይባን፣ የቃልአብንና የእንድሪስን ዘጠኝ መኪና ደግሞ ሠላሳ ዘጠኙ በተራ እንደያዙት ይናገራል። ጦይባ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። ቃልአብ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብዕሩን አወጣ።

«ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልጻፍ፣ ዶክተር? ለመግለጽ አልፈለገችም ልበል?»

«አይ» አለች ኤልዳና። «እገልጻለሁ።»

ነገረችው። ቃልአብ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ በቆንጆ እጁ፣ ሳይቸኩል ጻፈው።

«ሐሙስ። ቀይ የሆነች፦ ኤልዳና ጽጌ። ምክንያት፦ ኩራት። ሥራዋን የያዘች፦ ጦይባ። አምባሯን የያዘ፦ የለም። አደጋ፦ የለም።»